«ከናንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ»

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ደብዳቤ ነው። አትሳቁብን። ከመካከላችን ወረቀት ላይ የፍቅር ደብዳቤ ጽፎ፣ ፖስታ አሽጎ፣ ቴምብር ልሶ የለጠፈ ሰው ቢቆጠር የአንድ እጅ ጣት አይሞላም። የእኛ ትውልድ ደብዳቤ ሲባል የሚያውቀው «ጉዳዩ፦ የሥራ ማመልከቻ ስለ ማቅረብ» የሚለውን ነው። ያም ሆኖ የድሮው ደብዳቤ መግቢያ ከማናችንም ጆሮ አልጠፋም፦ «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» ልጆች ሳለን እንቀልድበት ነበር። ሰውየው ቢታመምም፣ ቢታሰርም፣ ሥራ ቢያጣም ደብዳቤው ላይ ሁልጊዜ ደህና ነው!

ቀልዱ የሚያበቃው ጸሐፊው ወታደር ሲሆን ነው። ከግንባር የመጣ «ደህና ነኝ» የሚናገረው ስለተጻፈበት ቀን ብቻ ነው። ደብዳቤው በመርከብ፣ በባቡር፣ በመኪና ሳምንታት ተጉዞ ሚስትየው እጅ ሲገባ፣ ያኔ ደህና የነበረው ሰው ዛሬም ደህና ይሁን አይሁን ወረቀቱ አያውቅም። ስለዚህ በጦርነት ዘመን ቤት ከሚደርሱት ደብዳቤዎች ሁሉ አንዱ ይለያል፤ ጦርነቱ ሲያበቃ የተጻፈው። «ደህና ነኝ» የሚለው ቃል እምነት የሚጣልበት ያኔ ነው። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ዛሬ አብረን እንከፍታለን። ውስጡ ያገኘነው ግን ፍቅርና ደስታ ብቻ አይደለም።

ከመግባታችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ። «እ.ኤ.አ.» ያልነው የፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ «ዓ.ም.» ያልነው የኛው። ሰዓቱን ግን ሁሉንም በኛ አድርገነዋል።

*

ሰውየው ሃሪ ይባላል። የአባቱን ስም ለጊዜው እንተወው። አሜሪካ ውስጥ ሚዙሪ በሚባል ክፍለ ሀገር የሚኖር ገበሬ ነው። መነጽር ካላደረገ ብዙም አያይም። ቤስ የምትባለውን ልጅ የወደዳት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ሳሉ ነው፣ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው። ድፍረት አግኝቶ በደብዳቤ «አግቢኝ» ያላት ግን እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። እምቢ አለችው። እሱም ተስፋ ሳይቆርጥ መጻፉን ቀጠለ፤ ቆይታ እሺ አለች። (ወንድሞቻችን፣ አንድ «ሲን» አድርጋ ካልመለሰችላችሁ ሳምንት ሙሉ የምትተክዙ፣ ከዚህ ሰው ተማሩ።)

እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ሃሪ 32 ዓመቱ ነበር። ዘመተ። ቤስ ከመሄዱ በፊት እንጋባ ብትለው አልተቀበለም። አካለ ጎደሎ ሆኖ ቢመለስ ሸክም ሊሆንባት፣ ባይመለስ ደግሞ መበለት ሊያደርጋት አልፈለገም። እሷም ከፈረንሳይ በደህና እንዲመልሰው የሚመኝ ቃል ከጀርባው ጽፋ ፎቶግራፏን ሰጠችው። ያን ፎቶ በደረት ኪሱ ይዞ ዘመተ።

እ.ኤ.አ. በ1918 ሃሪ ሻምበል ሆኖ አንድ የመድፍ ባትሪ ያዝ ነበር። አራት የፈረንሳይ 75 ሚሊ ሜትር መድፎችና ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች በሥሩ ነበሩ። በኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ያሉት ቨርደን አካባቢ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ፈረንሳዮችና ጀርመኖች ለአሥር ወራት የተላለቁበት መሬት ነው። ኖቬምበር 1 ለቤስ ሲጽፍ፣ በአምስት ሰዓት ውስጥ 1,800 የመድፍ ጥይት ጀርመኖች ላይ ማውረዱን ይነግራታል። ከፊት ለፊቱ ፈረንሳዮች፣ ከጓሮው ጀርመኖች መቀበራቸውን፣ የጠላት ጥይት ሜዳው ላይ በወደቀ ቁጥር ከመሬት የሰው አካል ቆፍሮ እንደሚያወጣም አልደበቃትም። በዚያው ደብዳቤ ውስጥ ከምሽግ ዳር፣ ከድንጋይ መካከል ያገኛቸውን ትንንሽ አበቦች አድርጎ ላከላት።

አበባውና ሬሳው አንድ ፖስታ ውስጥ ናቸው። የወታደር ደብዳቤ እንዲህ ነው።

*

ኖቬምበር 11፣ በኛ ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ ኮምፒየኝ ደን ውስጥ በቆመ የባቡር ፉርጎ ላይ የተኩስ አቁም ስምምነት ተፈረመ። ተኩሱ የሚቆመው ግን ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ነው ተባለ። በመካከሉ ስድስት ሰዓት ገደማ አለ። ጦርነቱ አልቋል፤ ግን አላለቀም።

እነዚህ ስድስት ሰዓታት ምን ተደረገባቸው? በየግንባሩ መድፍ ማጓራቱን ቀጠለ። አንዳንዱ አዛዥ ጥይቱን ጨርሶ ለመገላገል ይተኩሳል። አንዳንዱ ከመዘጋቱ በፊት አንዲት መንደር ልያዝ ይላል። የሃሪ ባትሪም በዚያ ጠዋት 164 ጥይት ተኩሷል፤ ይህን ለቤስ የጻፈላት ራሱ ነው። ከዘመተ ጀምሮ ባትሪው ከ10,000 በላይ ጥይት መተኮሱን፣ የመጨረሻውን ዘመቻ ሰዎቹን ይዞ በመውጣቱ ደስ እንዳለውም ነግሯታል።

በዚሁ ሰሞን በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ስናነበው ያስደነገጠን ነገር አለ። ጀርመን ድረስ ዘልቀን ገብተን የጥቂት ሕፃናትን እጅና እግር ሳንቆርጥ፣ የጥቂት ሽማግሌዎችን የራስ ቅል ቆዳ ሳንገፍ መቅረታችን ያሳዝናል የሚል መልእክት ያለው ዐረፍተ ነገር ነው። ከዚያ ግን ለፈረንሳይና ለቤልጂግ ሃምሳ ዓመት ቢሠሩላቸው ይሻላል ብሎ ይመለሳል። ይህ እንግዲህ አበባ ይልክ የነበረው ሰው ነው። የጻፈውም ከሁሉ አብልጦ ለሚወዳት ሴት ነው።

ክፉ ሰው ነበር ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኛ ግን እንዲያ አልታየንም። በዚያ ዘመን የጀርመን ወታደሮች የቤልጂግን ሕፃናት እጅ ቆረጡ የሚል ወሬ በጋዜጣውም በፖስተሩም ተነዝቶ ነበር። ጀርመኖች ቤልጂግ ውስጥ ሲቪሎችን በብዛት መረሸናቸው እውነት ነው፤ የተቆረጠው እጅ ግን በአብዛኛው የፕሮፓጋንዳ ሥራ ነበር። ወሬው ሚዙሪ ያለውን ገበሬ ጆሮ ገብቶ፣ ከርሞ፣ በመጨረሻው ቀን በቀልድ መልክ በብዕሩ ወጣ። ተኩስ ሲቆም መድፉ ዝም ይላል። መድፈኛው ልብ ውስጥ የተጠራቀመው ግን በሰዓት አይቆምም። ያንን የሚያወጣው ደግሞ ሰላምታ መስጠት ለማይጠበቅበት ሰው፣ ማለትም ለሷ ነው። ጦርነት ሲያበቃ ወደ ቤት የሚላከው ፍቅር ብቻ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው። ቂሙም አብሮ ይላካል።

*

በዚያው ጠዋት፣ በዚያው በቨርደን ሰሜን በኩል፣ ሌላም አሜሪካዊ ወታደር ነበር። ሄንሪ ጉንተር ይባላል፣ የባልቲሞር ልጅ። የ23 ዓመት ወጣት ነው፣ ቤተሰቡ ከጀርመን የዘር ሐረግ። የእሱም ታሪክ ከደብዳቤ ጋር የተያያዘ ነው። የሃምሳ አለቃ ሳለ አገር ቤት ላለ ጓደኛው የግንባሩን ኑሮ መራርነት ገልጾ፣ አንተ እንዳትመጣ ብሎ ይጽፋል። በዚያ ጦርነት የተራ ወታደርን ደብዳቤ ከመላኩ በፊት መኮንን ያነበዋል። ሳንሱሩ አየው። ማዕረጉ ተገፎ ተራ ወታደር ሆነ።

ጓደኞቹ እንደሚሉት ከዚያ ወዲህ ክብሩን ለማስመለስ ብቻ ይታገል ነበር። ኖቬምበር 11 ከረፋዱ 5 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ ሳንጃውን ሰክቶ ወደ ጀርመኖች መትረየስ ሮጠ። ጀርመኖቹ ጦርነቱ ማለቁን ያውቁ ነበርና ተመለስ ብለው ምልክት ሰጡት ይባላል። አልተመለሰም። በዚያ ጦርነት በውጊያ የሞተ የመጨረሻው አሜሪካዊ ተብሎ ተመዘገበ። ከሞተ በኋላ ማዕረጉ ተመለሰለት።

የሁለቱን ሰዎች ደብዳቤ ጎን ለጎን አስቀምጡት። የጀርመን ሕፃናትን እጅ ስለ መቁረጥ የቀለደው ምንም አልሆነ። ለጓደኛው «አትምጣ» ብሎ እውነቱን የጻፈው ተቀጣ። የጦርነት ሳንሱር የሚፈራው ጭካኔን ሳይሆን ድካምን መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘንም።

*

ጦርነቱ አበቃ፤ «ደህና ነኝ» አሁን ይታመናል ብለን ነበር። ታሪክ ግን ተንኮለኛ ነው። በዚያ መኸር ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ከወታደሮቹ ጋር በመርከብ ይጓዝ ነበር። አሁን ጥያቄው ተገለበጠ። ከግንባር ያለው ደህና ሆኖ ቤት ያለችው ታመመች። ቤስም ተይዛ ነበር። ሃሪ በጃንዋሪ 1919 በጻፈው ደብዳቤ ላይ ጭንቀቱ ይታያል፤ በየቀኑ ማለት ይቻላል ከሰዎቹ አንዱ እናቱ፣ እህቱ ወይም ፍቅረኛው መሞቷን ይሰማ እንደነበር ይነግራታል። ከመድፍ የተረፉ ሰዎች ደብዳቤ ሲመጣ መክፈት ፈሩ።

አዲስ አበባስ? ይህን በሽታ እናውቀዋለን። ያ ኅዳር 1911 ዓ.ም. የኛው «የኅዳር በሽታ» ነው። አውሮፓ ደወል እየደወለች የሰላሙን ቀን ስታከብር እዚህ ቀባሪ ጠፍቶ ነበር። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ከሞት አፋፍ ተመልሰዋል። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 በየሰፈሩ ቆሻሻ ሲቃጠልና ጭስ ሲያፍነን «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ከዚያ የቀረ ነው። የሃሪን ደብዳቤ የሩቅ አገር ወሬ ነው ብላችሁ ከነበረ፣ በዚያው ወር የኛንም ደጃፍ ሞት እያንኳኳ ነበር።

ቤስ ዳነች። ሃሪም በአፕሪል 1919 አገሩ ገባ፤ በጁን 28 ተጋቡ። ተረት ቢሆን እዚህ ላይ «አፌን በዳቦ አብሱ» እንል ነበር።

*

ግን ተረት አይደለም። አሁን የአባቱን ስም እንንገራችሁ፦ ትሩማን። ሃሪ ትሩማን። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 12 ቀን 1945 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በድንገት ሲሞቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ያ መድፈኛ ነው።

በጁላይ 1945 ትሩማን ፖትስዳም፣ ጀርመን ውስጥ፣ ከስታሊንና ከቸርችል ጋር ተቀምጧል። አውሮፓ ላይ ጦርነቱ አብቅቷል፤ ከጃፓን ጋር ያለው አላበቃም። ቤስ አገር ቤት ናት። እንደ ልማዱ ይጽፍላታል። በጁላይ 18ቱ ደብዳቤ ስታሊን በጃፓን ላይ ሊዘምት መስማማቱን፣ ጦርነቱ አሁን በአንድ ዓመት ቀድሞ እንደሚያልቅ ነግሯት፣ ሳይሞቱ የሚተርፉትን ልጆች አስቢ ይላታል። ያኔ ስለ ሕፃናት የቀለደው እጅ አሁን ስለ ልጆች መትረፍ ይጽፋል። ሰው ተለወጠ ብለን ልንደሰት ስንል ግን፣ ደብዳቤው ከተጻፈ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ የመጀመሪያው የአቶሚክ ቦምብ መፈንዳቱን እናስታውሳለን። ትሩማን በዚያው ምሽት ሰምቷል። ደብዳቤው ላይ ግን ስሙ አይነሳም። በኦገስት 6 ሂሮሺማ ነደደች፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሞተው ሰው 140,000 ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

ደብዳቤው ውሸት ነው አንልም። ለሚስቱ የጻፈው ሐሳብ የእውነት ይመስለናል። ግን ማንኛውም ደብዳቤ የሚያስበው ስለ ራሱ ወገን ልጆች ነው። የጃፓን ወታደሮችም ያን ጊዜ ለሚስቶቻቸው ይጽፉ ነበር። ፖስታ የሚደርሳት ሴት ከወንዙ ማዶም አለች።

*

ታሪኩ በዚህ መንገድ ዞሮ የኛ ደጅ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በጁን 1950 የኮሪያ ጦርነት ሲጀመር ወታደር ይላክ ብሎ የወሰነው ይኸው ትሩማን ነው። የተባበሩት መንግሥታትም አባላቱን እርዳታ ጠየቀ። በ1928 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር ለጣልያን አሳልፎ የሰጣቸው ንጉሠ ነገሥት፣ የጋራ ጸጥታ የሚባለው ነገር በተግባር ይታይ ብለው ቃኘው ሻለቃን ላኩ። ስሙ የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሣ። እየተተካኩ የዘመቱት ከ6,000 በላይ ናቸው። ከ120 በላይ ሞተዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል። የተማረከ የለም።

ኮሪያ ላይም ያው የሰዓት ነገር ተደገመ። ስምምነቱ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ፓንሙንጆም ተፈረመ፤ ተኩስ የሚቆመው ማታ 4 ሰዓት ነው ተባለ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ! እስከ መጨረሻው ድረስ መድፍ አላረፈም። የኛዎቹም እዚያው ነበሩ። በማግሥቱ ከመካከላቸው ብዕር ያነሣ ሰው ለሚስቱ ምን ብሎ ይጽፋል?

«ከናንተ ናፍቆት በስተቀር» ብሎ እንደሚጀምር ግን አንጠራጠርም። ከመካከላችን አንዷ ልጅ ሳለች ለሰፈር እናቶች ደብዳቤ ታነብ ነበር። «እትዬ ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ፤ ስጨርስ ‹እስቲ ከላይ ድገሚልኝ› ይሉኛል» ትለናለች። በ1945 ዓ.ም. ከወታደሮቹ ሚስቶች ስንቷ ፊደል የቆጠረች ነበረች? አብዛኛዋ የቄስ ተማሪ ወይም የጎረቤት ልጅ ጠርታ ነው የምታስነብበው። ባል ይህን ያውቃል። የጎረቤት ልጅ ጮክ ብሎ የሚያነበውን ወረቀት ላይ ፍርሃቱንም ፍቅሩንም ዘርዝሮ አይጽፍም። ሃሪ ለቤስ የጻፈውን ዓይነት ነገር፣ ክፉውንም ደጉንም፣ የኛ ወታደር ለመጻፍ መንገዱ ጠባብ ነበር። ያ የምንስቅበት «ከናንተ ናፍቆት በስተቀር» የሚለው ሐረግ ያን ሁሉ የተሸከመው ለዚህ ይመስለናል። «ናፈቅሽኝ» ለማለት «ናንተ» ብሎ ቤተሰቡን ሁሉ ይጨምራል፤ እሷ ግን ለማን እንደተባለ ታውቃለች።

*

አሁን ወደ ቤስ እንመለስና እንጨርስ። የትሩማን ደብዳቤዎች ከ1,300 በላይ ተገኝተዋል፤ ታትመዋል፤ እኛም ዛሬ ይህን ሁሉ ያወራነው በነሱ ነው። የእሷ መልሶችስ? የተረፉት ከ200 ያንሳሉ። አንድ ቀን ትሩማን ቤት ሲገባ ምድጃ ዳር ተቀምጣ የራሷን ደብዳቤዎች ስታቃጥል አገኛት ይባላል። ታሪክን አስቢ እንጂ ቢላት፣ አስቤያለሁ ብላ መለሰችለት።

መብቷ ነው። የኛ ጭንቀት ግን ሌላ ነው። ቤስ ስታቃጥል አውቃ፣ መርጣ ነው። የኛዎቹ ደብዳቤዎች የጠፉት ማንም ሳይመርጥ ነው። ቤት ሲፈርስ፣ ሣጥን ሲሸጥ፣ አያት ሲሞቱና ልጆች «የማይረባ ወረቀት» ብለው ሲጥሉ። ቃኘው ሻለቃ አፍንጮ በር አካባቢ ሐውልት አለው፤ የሞቱት ስም ተጽፎበታል። ሐውልት ላይ የሚስቶች ድምፅ አይጻፍም። ያ ያለው ደብዳቤ ውስጥ ነበር።

የኛ ዘመን ደግሞ የባሰ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያና ኤርትራ ሲዋጉ ስልኩም ፖስታውም ተቆርጦ፣ የተለያየ ቤተሰብ ወሬ የሚለዋወጠው በቀይ መስቀል መልእክት፣ በክፍት ወረቀት ነበር። ቢያንስ ወረቀት ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም፣ ለሁለት ዓመት ስልክ ተቋርጦባቸው የነበሩ የትግራይ ቤተሰቦች የሚጠብቁት መስመር እስኪከፈት ነበር። መስመሩ ቀስ በቀስ ሲከፈት ስንት ሰው «አለሁ» የሚል ድምፅ ሰማ፤ ስንቱ ደግሞ መርዶ ሰማ። ከየአቅጣጫው የተሰለፉ ወታደሮች ሚስቶችም እንዲሁ። ያ የስልክ ጥሪ የዘመናችን «ደህና ነኝ» ነው። ወረቀት ላይ አልሰፈረም። ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ሲቀየር ጽሑፉም ፎቶውም አብሮ ይሄዳል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የዚያን ቀን ስሜት የሚፈልግ ሰው መግለጫና የስምምነት ሰነድ ያገኛል፤ ባልና ሚስት የተባባሉትን ግን አያገኝም።

ስለዚህ የቤት ሥራ እንስጣችሁ። ቅዳሜ አያታችሁ ጋ ስትሄዱ የቆርቆሮ ሣጥኑን በጨዋታ መሀል አንሡት። ኮሪያ፣ ኦጋዴን፣ ሰሜን ግንባር፣ ባድመ የዘመተ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። የተገኘውን ወረቀት ፎቶ አንሡት፤ ከማን ለማን፣ መቼ እንደሆነ ጠይቃችሁ ጀርባው ላይ ጻፉ። ቂም የተጻፈበት ቢሆንም አትጣሉት፣ እሱም የታሪኩ ክፍል ነው። ወረቀት ከሌለ ደግሞ ያነበበችውን ወይም ያስነበበችውን ሴት ጠይቋት። ብዙዎቹ በቃላቸው ይዘውታል።

ለዛሬ ይብቃን። ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነን።

ቸር እንሰንብት።